ቶፕሃት፦ ሠሪዎቹ «ተዉት» ካሉ በኋላም የቀጠለ ሶፍትዌር

## ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

በባዮኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም የሥነ ሕይወት መረጃን በኮምፒውተር በሚተነትነው ዘርፍ፣ ስለ ሶፍትዌር ብዛት የሚነሣው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ለአንድ ሥራ በርካታ መሣሪያዎች ይቀርባሉ፤ ብዙዎቹም ጽሑፋቸው ከታተመ በኋላ ጠባቂ ያጣሉ፣ ድረ ገጻቸው ይዘጋል፣ ወይም አዲስ ኮምፒውተር ላይ እንጫናቸው ሲባል እምቢ ይላሉ። ቅሬታው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፕሎስ ባዮሎጂ በተባለው የምርምር መጽሔት የታተመ ጥናት ከ2005 እስከ 2017 በወጡ ጽሑፎች የቀረቡ 36,702 የሶፍትዌር አድራሻዎችን ፈትሾ 28 በመቶው እንደማይከፈቱ አሳይቷል፤ ለመጫን ሙከራ ከተመረጡት መሣሪያዎች መካከልም እንዲሁ 28 በመቶው ጨርሶ ሊጫኑ አልቻሉም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጽሑፍ የሚመዘግበው ከዚሁ ችግር ውስጥ ብዙም የማይወራለትን ገጽታ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው የተሻለ መሣሪያ አዘጋጅተው፣ አሮጌውን አትጠቀሙበት ብለው በይፋ እየተናገሩ፣ አሮጌው ለዓመታት በጥናት ላይ ጥናት ሲጠቀስ የኖረበት ሁኔታ ነው። ጉዳዩ ቶፕሃት የተባለው የአርኤንኤ መረጃ መተንተኛ ነው። የተመረጠው በዘመኑ ጥሩ መሣሪያ ስለነበረና የሕይወት ታሪኩ ከመወለዱ እስከ ማርጀቱ በታተሙ ሰነዶች ላይ ስለሚታይ ነው፤ መጥፎ ሆኖ የተጀመረ ሶፍትዌር የሚያስተምረው ነገር አነስተኛ ነው። የተሳተፉት ተመራማሪዎች በስም አልተጠቀሱም።

## ዳራ

በዕፅዋትም ሆነ በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ ያለ ጂን ብዙውን ጊዜ ወጥ ሆኖ አይቀመጥም። ኤክሰን የሚባሉት ክፍሎች በመካከላቸው ኢንትሮን በሚባሉ ክፍሎች ተለያይተው ይገኛሉ፤ ጂኑ ወደ አርኤንኤ ሲገለበጥ ኢንትሮኖቹ ተቆርጠው ይወጡና ኤክሰኖቹ ጫፍ ለጫፍ ይጋጠማሉ። ማንበቢያ ማሽኑ ይህን አርኤንኤ በአጫጭር ቁራጮች ሲያነብ አንዳንዱ ቁራጭ ልክ በመጋጠሚያው ላይ ያርፋል። ቁራጩ ወደ ጂኖሙ፣ ማለትም ወደ ሙሉው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል፣ ተመልሶ ቦታው ሲፈለግለት ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ደግሞ ከብዙ ሺህ የዲኤንኤ ፊደላት ማዶ ይገኛል። ለዲኤንኤ የተሠራ ተራ አላይነር፣ ማለትም ቁራጮችን በጂኖም ላይ በየቦታቸው የሚያስቀምጥ ፕሮግራም፣ እንዲህ ያለውን ቁራጭ ቦታ የለውም ብሎ ይጥለዋል። በወቅቱ የነበረው ሌላ መፍትሔ ቀድሞ የታወቁ ጂኖችን ዝርዝር ይዞ በእነዚያ መጋጠሚያዎች ላይ ብቻ መፈለግ ነበር፤ ይህ ደግሞ ያልታወቀ መጋጠሚያ እንዳልታወቀ እንዲቀር ያደርጋል።

ቶፕሃት በ2009 ባዮኢንፎርማቲክስ በተባለው መጽሔት ሲታተም ለዚህ መልስ ይዞ መጣ። በአሜሪካ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና በካሊፎርኒያ በርክሌይ የነበሩት አዘጋጆቹ ቦውታይ የተባለውን ፈጣን አላይነር መሠረት አደረጉ። በቀጥታ ቦታ ያገኙት ቁራጮች በየት በየት እንደተከማቹ ታይቶ ኤክሰን ሊሆኑ የሚችሉት ስፍራዎች ይለያሉ፤ ከዚያም ቦታ ያጡት ቁራጮች በእነዚህ ስፍራዎች መካከል ሊኖሩ በሚችሉ መጋጠሚያዎች ላይ ይሞከራሉ። በጽሑፉ እንደተገለጸው ፕሮግራሙ በአንድ የፕሮሰሰር ሰዓት ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ቁራጮችን ያስቀምጥ ነበር፤ ከእርሱ በፊት በጂን ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ጥናት ካገኛቸው መጋጠሚያዎች ከ72 በመቶ የሚበልጡትን መልሶ አገኘ፤ ከዚያ በፊት ያልተመዘገቡ ወደ 20,000 የሚጠጉ መጋጠሚያዎችንም ጨመረ። ይህ ሁሉ በተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይሠራ ነበር።

ዝናውን ያጸናው ግን በ2012 ኔቸር ፕሮቶኮልስ ላይ የወጣው ዝርዝር መመሪያ ነው። መመሪያው ቶፕሃትንና ከፍሊንክስ የተባለውን ተከታይ መሣሪያ ይዞ፣ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እየጻፈ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ያልተማረ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ከጥሬ መረጃ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሥዕላዊ መግለጫ እንዲደርስ አደረገ። ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። በየቤተ ሙከራው የሥልጠና ሰነድ ሆነ፤ ከተማሪ ወደ ተማሪ ተላለፈ።

በዚያው ጊዜ የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር እየጨመረ ነበር። በ2013 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ንጽጽር በ11 ፕሮግራሞች ላይ የተመሠረቱ 26 አሠራሮችን መዝኗል። በ2021 የወጣ ሰፊ ዳሰሳ ደግሞ ለአጭርና ለረጅም ቁራጮች የተሠሩ 107 የአሰላለፍ ዘዴዎችን ዘርዝሯል። አንድ ተመራማሪ ከ107 ውስጥ መምረጥ አይችልም፤ ስለዚህ ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው የተጠቀመበትን ይወስዳል። ቶፕሃት የቆየበት ምክንያት ከዚህ ይጀምራል።

## ችግሩ

የመጀመሪያው ችግር መሣሪያው በጊዜ መቀደሙ ነው። ስታር የተባለው አላይነር በጽሑፉ እንደተገለጸው ከቀደሙት ከ50 እጥፍ በላይ ይፈጥን ነበር። ጽሑፉ በ2013 የታተመው ቶፕሃት 2 ብዙ ማሻሻያ ቢኖረውም በፍጥነት ሊደርስበት አልቻለም። ፍጥነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትዕግሥት ያለው ተጠቃሚ ይታገሠው ነበር፤ ነገር ግን በ2017 ኔቸር ሜተድስ ላይ የታተመ ገለልተኛ ንጽጽር 14 አላይነሮችን በሰውና በወባ ተውሳክ ጂኖሞች ላይ በኮምፒውተር በተፈጠረ አስመሳይ መረጃ ፈትኖ፣ በብዛት የሚጠቀሰው መሣሪያ፣ ማለትም ቶፕሃት 2፣ በአብዛኞቹ መለኪያዎች ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ በተለይም ተጠቃሚው ነባሪ ቅንብሮቹን ሳይነካ ሲያስኬደው እንደሚብስ አሳየ። አብዛኛው ተጠቃሚ ቅንብሮችን እንደማይነካ ደግሞ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው የጥገና ችግር ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ታሪክ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ቶፕሃት ቦታ ያላገኙትን ቁራጮች ለብቻቸው በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። በዚያ ፋይል ውስጥ ያሉት መዝገቦች ግን የፋይሉን ደረጃ በትክክል ስለማይከተሉ ፒካርድን የመሰሉ ሌሎች መሣሪያዎች ፋይሉን ሊያነቡት እምቢ ይሉ ነበር። ጉድለቱ በዋናው ፕሮግራም ውስጥ ተስተካክሎ አልተዘጋም፤ ይልቁንም በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች የቶፕሃትን ውጤት ተቀብሎ የሚያስተካክል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ጻፉና ጽሑፉን በምርምር መጽሔት አሳተሙ። ሥራቸው ጠቃሚና ሐቀኛ ነበር፤ በጊዜው ለብዙ ሰው መፍትሔ ሆኗል። ሆኖም የአንዱ ሶፍትዌር ጉድለት ሌላ ሶፍትዌር፣ ሌላ ስም፣ ሌላ የሚጠቀስ ጽሑፍ ወለደ ማለት ነው። የመሣሪያ ብዛትና የጥገና ማነስ ሁለት የተለያዩ ቅሬታዎች ተደርገው ቢወሩም በዚህ ምሳሌ ላይ አንዱ የሌላው መንሥኤ ሆኖ ይታያል።

ሦስተኛው ከሥር ያለው መሠረት መንቀሳቀሱ ነው። የቶፕሃት ዋና ትእዛዝ የተጻፈው በፓይተን 2 የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ፓይተን 2 ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በይፋ ድጋፍ የለውም። ፓይተን 3 ብቻ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ትእዛዙ ሲጠራ ገና ሥራ ሳይጀምር በአጻጻፍ ስሕተት መልእክት ይቆማል። መልእክቱ ስለ ማተሚያ ትእዛዝ ቅንፍ ያወራል፤ ተጠቃሚው ግን የሚፈልገው ስለ ጂን ማወቅ ነው።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

የአዘጋጆቹ ቡድን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የቶፕሃት 2 ዋና አዘጋጅ ሃይሳት የተባለውን አዲስ አላይነር ሠርቶ በ2015 ኔቸር ሜተድስ ላይ አወጣ። ሃይሳት ለመላው ጂኖም ከሚያዘጋጀው አንድ ኢንዴክስ (ለፈጣን ፍለጋ የሚያገለግል ማውጫ) ሌላ ወደ 48,000 የሚደርሱ ትንንሽ የአካባቢ ኢንዴክሶችን ይይዛል፤ የቁራጩ አንድ ጫፍ ቦታውን ካገኘ በኋላ ሌላው ጫፍ የሚፈለገው በአቅራቢያው ባለ ትንሽ ኢንዴክስ ውስጥ ነው። ለሰው ጂኖም የሚያስፈልገው ራም 4.3 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

በየካቲት 2016 ቶፕሃት 2.1.1 ወጣ። በድረ ገጹም ላይ መሣሪያው ወደ ዝቅተኛ ጥገናና ድጋፍ ደረጃ መግባቱን፣ ያንኑ ሥራ የሃይሳት ተከታይ የሆነው ሃይሳት 2 በተሻለ ትክክለኛነትና በእጅጉ በተሻለ ቅልጥፍና እንደሚሠራው የሚገልጽ ማስታወቂያ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ኔቸር ፕሮቶኮልስ ላይ ሃይሳትንና ከእርሱ ቀጥለው የሚሠሩትን ስትሪንግታይና ቦልጋውን የተባሉ መሣሪያዎች የያዘ አዲስ መመሪያ ታተመ፤ በአቀራረቡ የ2012ቱን የሚተካ ነበር።

በ2017 መጨረሻ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ደራሲዎች አንዱ ጉዳዩን በግልጽ ወደ አደባባይ አወጣው። ዘዴው በ2008 የተሠራ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ በተተኪዎቹ ብዙ እንደተሻሻለና አሁን እርሱን መጠቀም ምክንያት እንደሌለው በማኅበራዊ መገናኛ ጽፎ ተመራማሪዎች እንዲተዉት ጠየቀ፤ ይህን ለዓመታት ቢናገርም ጽሑፉ መጠቀሱ አለመቀነሱንም አከለ። አንድ ደራሲ የራሱን ጽሑፍ መጠቀስ እንዲያቆሙ ሰዎችን ሲለምን ማየት በሳይንስ ውስጥ ብዙ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

## የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ የተሻለ የሠራው ተተኪው በአነስተኛ ኮምፒውተር መሥራት መቻሉ ነው። ስታር ለሰው ጂኖም ወደ 30 ጊጋባይት የሚጠጋ ራም ይፈልጋል፤ ይህን የሚችል ሰርቨር የሌለው ቤተ ሙከራ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በጅማ፣ ፈጣኑን መሣሪያ ከጽሑፉ ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሃይሳት ግን 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ሊሠራ ይችላል። ሰዎች አሮጌ መሣሪያ የሚይዙት ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም፤ አንዳንዴ አዲሱ ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ነው።

አዲሱ መመሪያም ሠርቷል። በ2012ቱ መመሪያ የተማረ ሰው በ2016ቱ ላይ ተመሳሳይ የምዕራፍ አካሄድ ስላገኘ ለመሸጋገር ሙሉ ትምህርት እንደገና መጀመር አላስፈለገውም።

የድረ ገጹ ማስታወቂያ የሚጠበቅበትን አልሠራም። ማስታወቂያውን የሚያየው ፕሮግራሙን ለማውረድ ወደ ድረ ገጹ የሚሄድ ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ከዓመታት በፊት የተጫነውን የሚጠራ፣ ከቀደመው ተማሪ የተቀበለውን የትእዛዝ ፋይል የሚያስኬድ፣ ወይም የ2012ቱን መመሪያ በፒዲኤፍ ይዞ የሚሠራ ተማሪ በዚያ በኩል አያልፍም። የታተመው መመሪያ ደግሞ እንደታተመ ይኖራል። መጽሔቶች ስሕተት ላለበት ጽሑፍ እርማት፣ ለከፋው ደግሞ መሻሪያ አላቸው፤ ትክክል ሆኖ ጊዜው ላለፈበት ዘዴ የሚለጠፍ የተለመደ ምልክት ግን የላቸውም።

በአደባባይ የቀረበው ልመና ብዙ ውይይት ቀስቅሷል፤ የሰማው ግን በአመዛኙ ቀድሞውንም የተሸጋገረው የዘርፉ ሰው ነበር። ጆሮ መስጠት የነበረባቸው የምርምር ጽሑፍ ገምጋሚዎች ናቸው፤ ገምጋሚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሥነ ሕይወቱን ጥያቄ እንጂ የሶፍትዌሩን የሥሪት ቁጥር አይመረምርም።

ኮንቴይነሮችና እንደ ባዮኮንዳ ያሉ የሶፍትዌር ማሸጊያ ሥርዓቶች የሠሩት ሥራ ሁለት ፊት አለው። ፓይተን 2ን ጨምሮ አሮጌው ሶፍትዌር የሚፈልገውን ሁሉ አብረው ስለሚይዙ የመጫን ችግርን ይፈታሉ፤ የድሮ ጥናትን በትክክል መድገም የሚቻለውም በእነርሱ ነው። በዚያው ልክ፣ መበላሸቱ ሰዎችን ወደ አዲሱ ሊገፋ ይችል የነበረውን መሣሪያ በቀላሉ እንዲጫን አድርገው ዕድሜውን ያራዝማሉ። ይህን ለማሸጊያዎቹ እንደ ጥፋት መቁጠር አይገባም፤ ጥቅሉን የሚያወርደው ሰው መሣሪያው ተተክቷል የሚል መግለጫ እዚያው ካላገኘ ግን ነገሩ ሳያስበው ያልፈዋል።

## በሽግግሩ ጊዜ የሚያጋጥሙ ዝርዝሮች

መሣሪያ መቀየር የትእዛዝ ስም መቀየር ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ቢያንስ አራት ቦታዎች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለቶፕሃት የተዘጋጀው የቦውታይ ኢንዴክስ ለሃይሳት 2 አያገለግልም፤ አዲስ መሥራት ወይም የተዘጋጀውን ማውረድ ያስፈልጋል። የአርኤንኤው አቅጣጫ የሚገለጽበት አማራጭም ስሙና እሴቱ በሁለቱ ይለያያል፤ በሁለቱም ነባሪው አቅጣጫ የለውም የሚል ስለሆነ ተጠቃሚው ከረሳው ሥራው ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ይጠናቀቃል፣ የአቅጣጫው መረጃ ግን ይጠፋል። ውጤቱ ወደ ስትሪንግታይ የሚሄድ ከሆነም ለዚያ የተሠራውን ልዩ አማራጭ ማብራት ይመከራል።

ከሁሉ ተንኮለኛው አራተኛው ነው። አላይነሮች ለእያንዳንዱ ቁራጭ በቦታው ላይ ያላቸውን እርግጠኝነት የሚገልጽ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥሩ ግን በመሣሪያዎች መካከል አንድ ትርጉም የለውም። በአንድ ቦታ ብቻ ለተገኘ ቁራጭ ቶፕሃት 2 የሚሰጠው 50 ነው፣ ሃይሳት 2 ደግሞ 60፣ ስታር በነባሪው 255። ልክ 50 የሆነውን ብቻ ያዝ፣ ሌላውን ጣል የሚል አሮጌ የትእዛዝ መስመር የሃይሳት 2 ውጤት ሲቀርብለት እጅግ አስተማማኞቹን ቁራጮች ለይቶ ይጥላል። ብዙ ሰው አዲሱን መሣሪያ ሞክሮ «ውጤቱ ተበላሸ» ብሎ ወደ አሮጌው የሚመለሰው እንዲህ ባለ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ማንኛውም ተተኪ መሣሪያ ከቀዳሚው የሚለይባቸውን ነጥቦች የሚዘረዝር የሽግግር ገጽ አብሮት ሊወጣ ይገባል።

## ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰዱ ትምህርቶች

የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት ስለ ስያሜ ነው ብሎ ጸሐፊው ያምናል። ቶፕሃት 2 የቀዳሚውን ስም ይዞ ስለወጣ ሥሪቱን ያሳደሰ ተጠቃሚ ሁሉ ሳያስበው ተሸጋገረ። ሃይሳት በአዲስ ስም፣ በአዲስ ትእዛዝና በአዲስ ኢንዴክስ ሲወጣ ግን ይህ መንገድ ተቆረጠ፤ ተጠቃሚው አዲሱን መኖሩን አውቆ፣ አምኖበትና ጊዜ መድቦ መሻገር ነበረበት። በቴክኒክ ረገድ አዲስ ስም ሊገባው ይችላል፤ የውስጥ አሠራሩ ሌላ ነውና። ነገር ግን በዘርፉ አዲስ ስም አዲስ ጽሑፍ፣ አዲስ ጽሑፍ ደግሞ የሥራ ዕድገትና የምርምር ድጎማ ስለሚያመጣ፣ ማሻሻያን እንደ አዲስ መሣሪያ የማውጣት ግፊት ከቴክኒኩ ውጭም አለ። እንዲህ በተደረገ ቁጥር አንድ መሣሪያ ይጨመራል፣ አንድ ነባር መሣሪያም ጠባቂ አልባ ይሆናል።

ተቃራኒ ምሳሌዎች አሉ። የዘረመል ቅደም ተከተሎችን የሚያነጻጽረው ብላስት በ1990 ታትሞ በ1997 እና በ2009 ትልልቅ ለውጦች ቢደረጉበትም ስሙን እንደያዘ በአሜሪካ ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል ይጠበቃል። የአላይነሮችን የውጤት ፋይል የሚያስተናግደው ሳምቱልስም በ2009 ከታተመ ወዲህ በዚያው ስም እየተሻሻለ ቆይቷል። ሁለቱም ጥገናን የዘወትር ሥራው ያደረገ ሰው አላቸው፤ በዶክትሬት ተማሪ መመረቅ የሚቋረጥ ሥራ ላይ አልተመሠረቱም። ቻን ዙከርበርግ ኢኒሺየቲቭ የተባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ተቋም በ2019 የጀመረው ለሳይንስ አስፈላጊ የሆኑ ክፍት ሶፍትዌሮችን የመደገፍ መርሐ ግብር ጥገናው ራሱ ገንዘብ እንዲያገኝ ማድረጉ በዚህ በኩል ትክክለኛ አቅጣጫ ነበር፤ ከመሣሪያው ብዛት አንጻር ግን የደረሳቸው ጥቂቶች ናቸው።

ሶፍትዌር የሚሠሩ ቡድኖች የመሰናበቻውን ቃል ተጠቃሚው በእርግጥ በሚያልፍበት ቦታ ያስቀምጡ፦ ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚያትመው የመጀመሪያ መስመር፣ በጥቅሉ መግለጫና በምንጭ ኮዱ መግቢያ ገጽ ላይ። ድረ ገጽ ብቻውን አይበቃም።

መሣሪያ መራጩ ተመራማሪ ደግሞ የመጠቀስን ብዛት የጥራት ማረጋገጫ አድርጎ ከመውሰድ ሊቆጠብ ይገባል፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ የተጠቀሰው መሣሪያ በገለልተኛ ፈተና ወደ ኋላ የቀረው ነበር። ከዚያ ይልቅ የመጨረሻው ሥሪት መቼ እንደወጣ፣ ተጠቃሚዎች ለሚያቀርቡት ችግር ምላሽ የሚሰጥ መኖሩን፣ ከሠሪዎቹ ውጭ ያለ ሰው የሠራው ንጽጽር ምን እንደሚል ማየት ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። አዲስ የሚመጣ ተማሪ የሚቀበለው የትእዛዝ ፋይልም ከመረከቡ በፊት በዚሁ መንገድ ቢታይ መልካም ነው፤ አሮጌ መሣሪያ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በዚያ ፋይል ነውና።

በመጨረሻ የድሮ ጥናትን መድገምና አዲስ ጥናት መሥራት መለየት አለባቸው። በቶፕሃት የተገኘ የታተመ ውጤትን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ያንኑ ሥሪት በኮንቴይነር ይጠቀም፤ የሥሪቱን ቁጥርና ቅንብሮቹን በዘዴ ክፍሉ ይጻፍ። አዲስ ናሙና ግን በአዲሱ መሣሪያ ይሠራ። አዲሱ ናሙና ከድሮው ጋር የሚነጻጸር ከሆነ ደግሞ የድሮው ጥሬ መረጃ ራሱ በአዲሱ መሣሪያ እንደገና መሠራት አለበት፤ ሕሙማኑ በቶፕሃት፣ ጤነኞቹ በሃይሳት 2 ተሠርተው በአንድ ሠንጠረዥ ቢቀርቡ የሚታየው ልዩነት ከበሽታው ይምጣ ከሶፍትዌሩ መለየት አይቻልም።